አቤቱታ በወፍ ላይ

ዕድሜዬን የፈጀሁት በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነው። የስንቱን አቤቱታ ተቀብዬ ቁጥር ሰጥቻለሁ፤ ጎረቤት በጎረቤቱ፣ ሚስት በባሏ፣ ተላላኪ በአለቃው ላይ። በወፍ ላይ የቀረበ ግን በእጄ አላለፈም። እንግዲህ የመጀመሪያው እኔ ልሁን። ቁጥር የሚሰጥልኝ፣ ማኅተም የሚያሳርፍልኝ ባይኖርም፣ እዚህ ቨርጂኒያ በልጄ ቤት የሚደርስብኝ ሁሉ በጽሑፍ ይያዝልኝ።

ተከሳሹ ከበቀቀን ወገን ነው፤ ሰን ኮኑር ይሉታል። የዘሩ አገር ደቡብ አሜሪካ፣ ጋያናና የሰሜን ብራዚሏ ሮራይማ። ቁመቱ ከነጭራው 30 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 120 ግራም ቢሞላ ነው። ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1758 የላቲን ስም አውጥቶ መዝግቦታል፤ በመዝገብ በኩል ከእኔ ዘር ይልቅ የእሱ የተደራጀ መሆኑን አምናለሁ።

መልኩንም አልክድም። ራሱና ጀርባው ወርቅ ነው፤ ጉንጩና ሆዱ ወደ ብርቱካን ይቀላል፤ ክንፉ ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ ተደርቦበታል፤ ምንቃሩ ጥቁር። ሲመጣ እንዲህ አልነበረም። ጫጩቱ አረንጓዴ ይበዛዋል፤ ወርቁ የሚወጣው ላባውን እየቀየረ ሁለተኛ ዓመቱን ሲጠጋ ነው። ይህን ሁሉ ቀለም ከየት አመጣው ብዬ ባስጠይቅ፣ ፍላሚንጎ ቅላቷን ከምትበላው ታገኛለች፣ በቀቀን ግን ቢጫውንና ቀዩን እዚያው ገላው ውስጥ ራሱ ይሠራዋል ተባልኩ። ሰማያዊው ደግሞ ጭራሽ ቀለም አይደለም አሉ፤ የላባው አሠራር ብርሃኑን እየበታተነ ለዓይናችን ሰማያዊ ያስመስለዋል። የበደሌ ሥር እንግዲህ ይኸው ነው። ያማረ ፍጡር አጥፍቶ አያውቅም። እሱ መጋረጃ ሲቀድ «ኦ ማይ ጋድ፣ ሶ ኪዩት» ይባላል። እኔ ሲኒ ሲያመልጠኝ «አባዬ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል እንዴ? ሐኪም ዘንድ እንሂድ» እባላለሁ።

አንደኛው ክስ ጩኸት ነው። በአገሩ በመንጋ የሚኖር ፍጡር ነው፤ በሣር ሜዳና በጫካ ዳር ከወገኖቹ ጋር ሲበር ማን የት እንዳለ የሚያውቀው በመጠራራት ነው። ሜዳ ላይ ይሁን፣ እሺ። እዚህ ግን ግድግዳው ስስ፣ ጎረቤቱ ቁጡ ነው። ጎህ ሲቀድ አንዴ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አንዴ ይጮኻል፤ በመካከሉ ደግሞ ሰው ከዓይኑ በተሰወረ ቁጥር። ለካ መንጋው እኛ ነን! መጸዳጃ ቤት በገባሁ ቁጥር መንጋው ጎደለ ብሎ ያስታውቃል። በዚህ ዕድሜዬ የምገባበትና የምወጣበት ሰዓት ለሰፈር ይታወጃል።

«ተው!» ስለው ይብስበታል። የወፍ ሐኪም አለች፤ አዎ፣ ወፍ ብቻ የምታክም። ክፍያዋን አልናገርም፤ ካወራሁት ልቤን ያመኛል። እሷ እንዳለችው ሲጮህ መመለስ የለብንም፤ ተቆጣንም ሳቅንም ለእሱ መልስ ማግኘቱ ነው። ዝግ ባለ ድምፅ ሲጠራን ግን ወዲያው መልሰን መሸለም አለብን። እኔ በመሥሪያ ቤት ዘመኔ ዝግ ያለ ሰው ሲሸለም አላየሁም፤ ጉዳዩ የሚያልቅለት የጮኸው ነበር። ሆኖም ታዘዝኩ። አሁን ቀስ ብሎ «ጪው» ሲል ከሶፋው ላይ «አቤት» እላለሁ። ለሚኒስትር እንኳ እንዲህ ፈጥኜ አቤት ብዬ አላውቅም።

መናገር ላይ ደግሞ ዋጋ የለውም። በንግግር ስም ያለው ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ነው፤ የእኛ ወገን፣ ነገሩን ልብ በሉልኝ። ይኸኛው ጥቂት ቃል ቢይዝ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚቀናው የዕቃ ድምፅ መቅዳት ነው። አማርኛ ላስተምረው ብዬ በየማለዳው «እንደምን አደርክ?» እለዋለሁ። የማይክሮዌቩን «ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ» ይመልስልኛል። የልጅ ልጆቼም አማርኛ ሳናግራቸው ከዚህ የተሻለ አይመልሱልኝም፤ ስለዚህ በዚህ ነጥብ ክሱን አላጠብቅም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ቡና።

የወፍ አተነፋፈስ እንደ እኛ አይደለም። የእኛ አየር በገባበት በር ይመለሳል። ወፍ ግን ከሳንባዋ ሌላ በገላዋ ውስጥ የአየር ከረጢቶች አሏት፤ አየሩ በሳንባዋ በኩል በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያልፋል፤ ስታስገባም ስታስወጣም አዲስ አየር ታገኛለች። ለመብረር ጉልበት ይሁናት ተብሎ የተሰጣት ጸጋ ነው። መርዝም ግን በዚያው ጎዳና፣ በዚያው ፍጥነት ይገባል። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ካናሪ የምትባል ወፍ ይዘው ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወፏ ስትወድቅ ሰውዬው ይሮጣል። ይህ እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ ቆይቷል። በእኛ ቤት ነገሩ ተገለበጠ። ወፉ እንዳይወድቅ ሰውዬው ይባረራል።

መጀመሪያ የተባረረው የማያጣብቀው መጥበሻ ነው። ቴፍሎኑ ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ በቤት ያለ ወፍን በደቂቃዎች ይገድላል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ተቀበልኩ። መጥበሻው ግን ብቻውን አልሄደም፤ የእንጀራው የኤሌክትሪክ ምጣድም ልባሱ ያው ነው ተብሎ አብሮ ወጣ። ባለቤቴ አሁን እንጀራ የምትጋግረው ጋራዥ ውስጥ፣ በሣር ማጨጃውና በክረምት ጎማዎቹ መካከል ነው። ቀጥሎ ዕጣን ተከለከለ። ቀጥሎ ሻማ። ቀጥሎ የልጄ ሽቶ፤ በዚህስ ደስ ብሎኛል። በመጨረሻ ቡና መቁላት።

ያለ ጭስ ቡና ምን እንደሚመስል ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ልጄ ግን፣ ጥሬ ግሬ ያሳደግኋት ልጅ፣ «የተቆላ እንግዛ አባዬ፤ ሱቁ ሞልቷል» አለች። እናቷ ይህን ስትሰማ ቃል ሳትናገር ጀበናዋን ይዛ መኝታ ቤት ገባች። ሽምግልና ተቀመጥን። ውሳኔውም ቡናው ከነምጣዱ፣ ከነዕጣን ማጨሻው ጋራዥ ይውረድ ሆነ፤ ወደ ውጭ የሚያወጣው በር ተከፍቶ፣ ወደ ቤት የሚያስገባው ተዘግቶ፣ ከሥሩ ፎጣ ተወትፎ። በጥር ብርድ እንግዳ መጣብን። በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረን አቦልን በካፖርት፣ ቶናን በጓንት ጠጣን፤ በረካን የጠበቀ የለም። አንዱ እንግዳ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ «ወፉስ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ሳሎን፣ ማሞቂያው አጠገብ» አልኩት።

ምግቡም የራሱ ሕግ አለው። ጥሬ ብቻ ከበላ ይሰባል፣ ቫይታሚን ኤ ያጥረዋል፤ ሱፍ ቢሰጡት ሌላ አይፈልግም፣ ስለዚህ ሱፍ በሽልማት መልክ ብቻ። ዋና ቀለቡ ፔሌት የሚሉት እንክብል መኖ ነው፤ ከዚያ ካሮት፣ ስኳር ድንች፣ ጎመን፣ ትንሽ ፍራፍሬ። ካሮቱን የሚከትፈው ማን እንደሆነ ገምቱ። ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈ የክልክል ዝርዝር አለ፤ አቮካዶ መርዙ ነው፣ ቸኮሌት መርዙ ነው፣ ቡና መርዙ ነው፣ የፖም ፍሬ ክልክል፣ ጨው ክልክል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ፈጽሞ ክልክል። ሽንኩርት ከተከለከለ እንግዲህ ከእኛ መሶብ ምን ይቀርባል? ይህን ሳይ በዚህ ቤት ካለነው ሁሉ ይልቅ እንግዳው እሱ መሆኑ ተሰማኝ።

አንድ ነገር ግን አገናኘን። ቃሪያ! ቃሪያው የሚያቃጥልበት ነገር የሚነካው የእኛንና የአይጥን፣ የጡት አጥቢን አፍ ነው፤ ወፍ አይሰማውም። ስለዚህም በዱር ወፍ በርበሬውን እየበላ ፍሬውን በኩሱ ይዘራለታል። እኛ የራሳችን አድርገን የምንኮራበት በርበሬም መነሻው ከዚያው ከእሱ አህጉር፣ ከአሜሪካ ምድር ነው። የልጅ ልጄ ሚጥሚጣ ገና ከሩቅ ሲያይ ውኃ ይቀዳል። ወፉ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ቃሪያውን በሌላው እግሩ ይዞ፣ ፍሬ ፍሬውን እየለቀመ ዓይኑን ሳያርገበግብ ይጨርሳል። በማዕዴ ከቀረቡት ሁሉ ለወግ የሚበቃው እሱ ብቻ ነው።

ጾም ግን አያውቅም። ላባ የሚቀይርበት ጊዜ ጉልበት ይፈልጋልና የተቀቀለ እንቁላል አልፎ አልፎ ይሰጠው ተብሏል። ያ ጊዜ ደግሞ ሁዳዴ ላይ ዋለ። እኔ በሽሮ ፊት፣ እሱ በእንቁላል ፊት፣ ትይዩ ተቀምጠን። አስኳሉን ምንቃሩ ላይ ለጥፎ ያየኛል። ንስሐ አባቴን ባማክር ሳቁብኝ።

ሌሊቱም የእኔ አይደለም። ይህ ወፍ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ጨለማና ጸጥታ ይሻል፤ እንቅልፍ ካጣ ይናከሳል። ስለዚህ ማታ ልክ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ይቀንሳል፣ ጎጆው በጨርቅ ይሸፈናል፣ ቴሌቪዥኑ ይዘጋል። ዜናዬ የሚጀምረውም አንድ ሰዓት ላይ ነው። አሁን የዓለምን ወሬ የምሰማው በጨለማ ሶፋ ላይ፣ ጆሮዬ ውስጥ ሽቦ ሰክቼ ነው፤ ቀድሞ ሰው እንዲህ ዜና የሚሰማው ፖሊስ ሲፈራ ነበር።

ከእነዚህ ወፎች አንዳንዶቹ ደግሞ በጀርባቸው ተንጋለው ይተኛሉ፤ የእኛውም ይህ አመል አለው። አንዲት የሰፈር እናት ሊጠይቁን መጥተው፣ ከሰዓት በኋላ ጎጆው ወለል ላይ እግሩን ሰቅሎ ቢያዩት «ወይኔ ልጄን!» ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ባለቤቴም ለቅሶው የማን እንደሆነ ሳታጣራ ከጓዳ እያለቀሰች ወጣች። ወፉ ብድግ ብሎ የማይክሮዌቩን ድምፅ አሰማ።

በደል ሁሉ ተጠቃሎ እኔ ላይ የወደቀበትን ምክንያትም ልናገር። የተገዛው ለልጅ ልጄ ነው። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ይውላል፣ ኳስ አለበት፣ ስልክ አለበት። የምከትፈው፣ ውኃ የምቀይረው፣ የጎጆውን ጋዜጣ የማነሳው እኔ ነኝ። ይህ ፍጡር በጠባዩ አንድ ሰው ይመርጣል፤ መረጠኝ። ምርጫው ይግባኝ የለውም። ትከሻዬ ላይ ይወጣል፣ የሸሚዜን ቁልፍ ይነቅላል፣ የጆሮዬን ፀጉር አንድ በአንድ ያስተካክላል፤ ሐኪሟ ይህ የፍቅር ምልክት ነው ትላለች። በየሩብ ሰዓቱ ገደማ ደግሞ ይኮሳል። ወፍ ገላው እንዲቀለው ሆዱ ውስጥ አያከማችም፤ ለመብረር ጥሩ ነው፣ ለጋቢዬ ግን አይደለም።

ለመዳበስም ወሰን አለው። የሚዳበሰው ራሱና አንገቱ ብቻ ነው። አንድ ቀን በደግነት ጀርባውን ብደባብሰው ልጄ «አባዬ! እዚያ አትንካው፤ ያገባኸው ይመስለዋል!» ብላ ጮኸች። ጀርባና ከክንፍ በታች ያለው የጥንዶች ስለሆነ፣ ሰው ሲነካው ወፉ የትዳር ጓደኛ አገኘሁ ይላል፤ ከዚያ ሌላው ሲቀርብ ይናከሳል። እውነትም ይኸው ባለቤቴ አጠገቤ ስትቀመጥ አንገቱን ያሰግጋል። በዚህ ዕድሜዬ፣ ሁለት ቀናተኛ በአንድ ሳሎን!

ብቻውን ሲተውት ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። ሥራ የፈታ በቀቀን የራሱን ላባ እስኪራቆት ድረስ ይነቅላል። እንዳይነቅል የሚበጣጥሰው ነገር ይሰጠዋል፤ ለስላሳ እንጨት፣ ገመድ፣ ካርቶን፣ ወረቀት። ወረቀትን እንዴት እንደሚወድ ብታዩ! ጫፉን ይይዝና በምንቃሩ እየተረተረ ቀጭን ቀጭን ክር ያደርገዋል። ዕድሜዬን ወረቀት ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። የጡረታ ደብተሬን ግልባጭ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ብመለስ፣ ማኅተሙ ብቻ ቀርቶ አገኘሁት። ማኅተሙን ማክበሩ ነው መሰለኝ።

በአንድ ነገር ግን አልከሰውም፤ እሱ አልመጣም፣ አመጡት። የዱር ዘመዶቹ በውበታቸው ምክንያት በመረብ እየተያዙ ከጋያና በብዛት ተሸጡ፤ ዛሬ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ መዝግቧቸዋል። ጋያና ውስጥ ካራሳባይ በምትባል መንደር ማኩሺ የተባሉ ነባር ሕዝቦች የቀሩትን ይጠብቃሉ፤ ወፉ ታስሮ ከሚሸጥ ይልቅ ዛፍ ላይ ሆኖ እንግዳ ቢጠራላቸው የሚበጅ መሆኑን አውቀዋል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣችው ሕግ የዱር በቀቀን እያስያዙ ማስገባቱን ዘግታለች። ስለዚህ የእኛው እዚሁ ጎጆ ውስጥ የተፈለፈለ ነው። ጋያናን አያውቃትም። በዚህ ከልጅ ልጄ ጋር አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ ወፉ የአባቶቹን ጩኸት አለመርሳቱ ነው።

በአገራችንስ በቀቀን የለም እንዴ? ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የማይገኝ አረንጓዴ፣ ክንፉ ሥር ጥቁር የሆነ ትንሽ በቀቀን አለ። አዲስ አበባ የአጥራችን ጽድ ላይ እየመጣ ፍሬውን ይለቅም ነበር፤ ሾላም ይወዳል፤ ሌሊት በዛፍ ቀዳዳ ያድራል። ማንም ካሮት አልከተፈለትም፣ ማንም መብራት አላጠፋለትም። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ ሴቷ አይደለችም፤ በረንዳ ላይ ተቀምጬ እለያቸው ነበር። የዚህን የቤታችንን ወፍ ጾታ ግን በዓይን መለየት አይቻልም። ላባ ተነቅሎ፣ በፖስታ ላቦራቶሪ ተልኮ፣ ተከፍሎ፣ «ወንድ» የሚል ምስክር ወረቀት መጣ። ከዚህ ቤት ወንዶች መካከል በጽሑፍ የተረጋገጠው እሱ ብቻ ነው።

ሕመሙንም ይደብቃል። በዱር የታመመ መምሰል መበላት ስለሆነ፣ እስኪወድቅ ድረስ ደኅና ይመስላል። ስለዚህ በየጠዋቱ በኩሽና ሚዛን ይመዘናል፤ ጥቂት ግራም ከጎደለ ስልክ ይደወላል። እኔ በጾሙ ስንት ኪሎ እንደቀነስኩ የጠየቀኝ የለም።

አሁን ወደ ውርስ ጉዳይ። በደንብ ከተያዘ ከ25 እስከ 30 ዓመት ይኖራል። የልጅ ልጄ ኮሌጅ ሲገባ ወፉ ገና ጎረምሳ ነው፤ ኮሌጅ መኝታ ክፍል ደግሞ ወፍ አያስገቡም። ልጄ ሥራ ትውላለች። እኔ እስከ መቼ? ለልጅ የልደት ስጦታ ተብሎ እንዲህ ያለ ዕድሜ ሲገዛ ፊርማ የሚጠይቅ ሱቅ አላየሁም። የውሻ ማሰሪያ ሲሸጥ ከዚህ የበለጠ ጥያቄ ይጠየቃል። በዚህ አገር ስንቱ በቀቀን ጩኸቱ ሰልችቶ ከቤት ቤት እየተሰጠ ይዞራል፤ ሐኪሟ ራሷ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው።

ልጄ ግን መፍትሔ አግኝታለች። «አባዬ፣ ብቸኝነት ስለሚሰማው ሁለተኛ እንጨምርለት» ትላለች። ሁለት ሲሆኑ እርስ በእርሳቸው ይተጫጫሉ፣ ሰው ላይ አይንጠለጠሉም ነው ክርክሯ። ላባ የሚያስተካክሉት አንዱ የሌላውን ነውና ነገሩ እውነትነት አለው። ሆኖም ጎህ ሲቀድ የሚጠራ ብቻውን ሆኖ እንዲህ ከሆነ፣ የሚመልስለት ሲያገኝ ምን ሊሆን ነው?

ሁለተኛው ከመጣ የሚከተለው ይፈጸምልኝ። ቡናው በጥርና በየካቲት ወደ ቤት ይመለስ፤ ወፎቹ በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ገብተው በር ይዘጋባቸው፤ ዜናዬ ያለ ሽቦ ይሰማ፤ የካሮቱ ክትፎ በተራ ይሁን፤ እኔም በየሳምንቱ ልመዘን።

ግልባጭ፦
ለልጄ
ለወፏ ሐኪም
ለባለቤቴ፣ በጋራዥ በኩል
ለወፉ አይሰጥ፤ ይቀደዋል።